‹በልዟል› የተባለው ቲማቲም

እናቴ በሐምሌ ገብርኤል ዕለት ከአትክልት ቦታዬ ይዤ የገባሁትን ቲማቲም አንስታ ገለባበጠችውና ፊቷን ቋጠረች። «ልጄ፣ ይሄ እኮ በልዟል። ምን መታብሽ?» አለችኝ። መልሴን ሳትጠብቅ የቆሻሻ መጣያውን ክዳን በእግሯ ከፈተች። ለጥቂት ደርሼ ቀማኋት።

ቲማቲሙ አልበለዘም። ቸሮኪ ፐርፕል የሚባል ዝርያ ነው፤ ደንበኛ ሲበስልም ቀይ አይሆንም። ሆዱ ወደ ወይን ጠጅ ይጠቁራል፣ ትከሻው ደግሞ አረንጓዴነቱን እንደያዘ ይቀራል። በቢላዋ ለሁለት ከፈልኩት። ውስጡ እንደ ሥጋ ድፍን ብሎ የቀላ፣ ዘሩን የከበበው ዝልግልግ ውኃ አረንጓዴ ነው። ጨው ነስነስ አድርጌ አንድ ቁራጭ አጎረስኳት። አላመጠች፣ ዝም አለች። እናቴ ዝም ካለች ነገር አለ ማለት ነው። ቆይታ «ሌላ አለሽ?» አለች።

ሌላማ ሞልቶ! ዘንድሮ የቲማቲም ዓመት ነው።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ አውቶቡሱን አስረክብና እስከ ፍልሰታ ፍቺ ድረስ ዶማ እጨብጣለሁ። መሬቱ የራሴ አይደለም፤ ለነዋሪው በየዓመቱ ከሚከራዩት የአትክልት መደቦች አንዱ ነው። ርዝመቱ አሥር እርምጃዬ፣ ወርዱ ስምንት። እዚያች ላይ አሥራ አራት ዓይነት ቲማቲም ተከልኩ፣ በቁጥር ሠላሳ አንድ እግር። ከሥር ሦስት ደረቁብኝ፣ አንዱን አጋዘን በላብኝ፤ የቀሩት ሃያ ሰባቱ ግን ቤቴንም፣ ጎረቤቴንም፣ የቤተ ክርስቲያኑን የፍልሰታ ማዕድም ችለዋል። ግራ ቀኜ ያሉት ባለመደቦችም እንዲሁ ናቸው። በቀኝ በኩል ያለችው የኤል ሳልቫዶር ሴት ጠዋት ጠዋት ቅርጫቷን አንጠልጥላ ስትመጣ ገና ከሩቅ ትስቃለች። በግራ ያሉት የዌስት ቨርጂኒያ ተወላጅ ሽማግሌ አይስቁም፣ አይናገሩም፤ እሳቸውም ግን ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ሲያፏጩ ሰምቻቸዋለሁ።

እናቴ ከናዝሬት ልትጠይቀኝ የመጣችው ለግንቦት ልደታ ነው። አሥራ አራት ዓይነት ስላት አላመነችኝም። «ቲማቲም ቲማቲም ነው። ወይ በስሏል፣ ወይ አልበሰለም» አለች። እኔም ያደግኩት በዚሁ እምነት ነው። እኛ ቤት ሽንኩርት የሐበሻና የፈረንጅ ተብሎ ይለያል፣ ጤፍ ማኛና ሰርገኛ ይባላል፣ ቲማቲም ግን ስም አልነበረውም። ገበያ ላይ እናቴ ሻጯን የምትጠይቃት «የወጥ ነው የሰላጣ?» ብላ ብቻ ነበር። የወጡ ለስለስ ያለ፣ የሰላጣው ጠንከር ያለ፤ በቃ።

ለነገሩ ስሙ ራሱ መንገደኛ ነው። ተክሉ የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ልጅ ነው፤ የዱሩ ዘመዱ ፍሬ ከአተር ብዙም አይበልጥም። ተላምዶ ያደገው ሜክሲኮ ውስጥ ሲሆን፣ ‹ቶማትል› የሚለውም የዚያ አገር ሰዎች ቃል ነው። ስፔኖች በ16ኛው መቶ ዘመን ወደ አውሮፓ አሻገሩት። የኛው ‹ቲማቲም› ከዐረቡ ‹ጠማጢም› ጋር ወንድማማች መሆኑን ጆሮ ይመሰክራል። ትግርኛ ተናጋሪው ጓደኛዬ ‹ኮሚደረ› የሚለው ደግሞ ከጣልያኑ ‹ፖሞዶሮ› የመጣ ነው፤ የወርቅ ፖም ማለት ነው። ጣልያኖቹ መጀመሪያ ያዩት ቢጫውን ሳይሆን አይቀርም ይባላል። ቢጫ ቲማቲም ለእናቴ ሳሳያት «ይሄስ ሎሚ ነው» አለች።

አሁን ከሁሉም የገረመኝን ልንገራችሁ።

ከአሥራ አራቱ መካከል ሮማ አለ። ያ ሞላላ፣ ዕንቁላል መሳይ፣ ሥጋው የሚበዛ ውኃው የሚያንስ ቲማቲም። አገር ቤት ለስልስም ለድልህም የሚሆነው እሱ ነው፤ ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ገበያ ስወርድ በየሣጥኑ ተደርድሮ የማየው፣ ስሙን ሳላውቅ የበላሁት። ገበሬዎቹ ሮማ ቪኤፍ ይሉታል። ‹ቪ› እና ‹ኤፍ› ተክሉን በሥሩ ገብተው የሚያጠወልጉ የሁለት የአፈር ሻጋታ በሽታዎች ስም መጀመሪያ ፊደሎች ናቸው፤ እነሱን ይቋቋማል ለማለት ነው። ከናዝሬት ወጣ ብሎ በአሰላ መንገድ ያለው የመልካሳ ምርምር ማዕከል መልካሾላና መልካሳልሳ የተባሉትን የራሱን ዝርያዎች ከማውጣቱ በፊት በየመስኖው ስማቸው ሲነሳ የኖሩት እነ ሮማና ማርግሎብ ነበሩ። ስሙን ሰምቼ ሮማ ማለት ያው ሮም፣ ጣልያን ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ማን አይደመድም?

ሮማ የጣልያን አይደለም። አንዱ ወላጁ ሳን ማርዛኖ የተባለው የኔፕልስ አካባቢ ቲማቲም መሆኑ እውነት ነው። ተዳቅሎ ለገበሬ የተሰጠው ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) በ1955 የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የምርምር ጣቢያ ውስጥ ነው፤ ያዳቀለው ዊልያም ፖርት የተባለ ሳይንቲስት ነው። ጣቢያው ያለው ደግሞ ቤልትስቪል፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ከቤቴ ቤልትስቪል፣ መንገዱ ካልተዘጋጋ፣ በመኪና የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። በአውቶቡሴ በአጥሩ ሥር ሽው ብዬ አልፋለሁ። የናዝሬት ቲማቲም ነው ብዬ የምናፍቀው ቲማቲም የሰፈሬ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ለእናቴ ስነግራት ቲማቲሙን አየችና «እንኳን ለአገርህ አበቃህ» አለችው።

ከዚህ በኋላ ነው የየቲማቲሙን ታሪክ መጠየቅ የለመደብኝ። ሽማግሌውን አንድ ቀን ስለዚያ ትልቁ ሮዝ ቲማቲማቸው ጠየቅኳቸው። አንዱ ፍሬ ከግማሽ ኪሎ ያልፋል፣ ሁለት እጅ ይሞላል። አንድ ዓመት ሙሉ ከሰላምታ ያላለፉት ሰው ያን ዕለት ግማሽ ሰዓት አወሩ።

ሞርጌጅ ሊፍተር ይባላል፤ በእኛ አፍ ‹የቤት ዕዳ አውራጅ› እንደማለት ነው። ያወጣው በዌስት ቨርጂኒያ፣ ሎጋን በምትባል ከተማ የሚኖር ባይልስ የተባለ መካኒክ ነው። ጋራዡ ከቀጥ ያለ ዳገት ግርጌ ስለነበረ፣ ዳገቱን ሲወጡ ውኃቸው የሚፈላባቸው የጭነት መኪናዎች ተመልሰው እሱ ደጃፍ ይቆማሉ፤ ሰዉም ‹ራዲያተር ቻርሊ› አለው። ስለ ተክል የተማረው ነገር የለም። በ1930ዎቹ፣ ያ ክፉ የኢኮኖሚ ዘመን እያለ፣ አገኛቸው የተባሉትን ትልልቅ ቲማቲሞች በክብ ተከለ፤ መሐል ላይ አንዱን አቆመ። በሕፃን ጆሮ ማጠቢያ ጎማ ከዙሪያዎቹ አበባ ብናኝ እየሳበ መሐለኛው አበባ ላይ ነፋ። ዘሩን ለቀመ፣ በዓመቱ ደገመ። ስድስት ዓመት እንዲህ አድርጎ የሚፈልገውን ሲያገኝ ችግኙን በአንድ አንድ ዶላር ሸጠ። ሰው ከሩቅ እየነዳ ይመጣለት ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ የስድስት ሺህ ዶላር የቤት ዕዳውን ጨረሰ።

«አባቴም ከገዙት አንዱ ነበሩ» አሉኝ ሽማግሌው። አመንኳቸው፤ ባላምናቸውም ችግኙን ስለሰጡኝ አልከራከርም። የእኔ የቤት ዕዳ በቲማቲም የሚወርድ አይደለም፤ ቢሆንም ሞርጌጅ ሊፍተርን ውኃ ሳጠጣ ትንሽ አብልጬ አጠጣዋለሁ።

እናቴ የበለዘ ያለችው ቸሮኪ ፐርፕልም ታሪክ አለው። በ1990 ክሬግ ለሁልየር ለተባለ ኬሚስትና የቲማቲም አፍቃሪ ከቴነሲ አንድ ደብዳቤ ከዘር ጋር ደረሰው። ላኪው የጻፉት፣ ዘሩ ከመቶ ዓመት በፊት ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ከሆነው ከቸሮኪ ሕዝብ ለጎረቤት ቤተሰብ የተሰጠ ወይን ጠጅ ቲማቲም መሆኑን ነው። ለሁልየር ዘራው፣ በላው፣ ስም አወጣለት። ዘሩን ለሽያጭ እንዲያበዛለት ከላከላቸው አንዱ ቀምሶ ወደደው፤ ግን ቀለሙ የተመታ እግር ስለሚመስል ሰው ይገዛው ይሆን ብሎ ሰጋ። እናቴ ብቻዋን አይደለችም ማለት ነው። ዛሬ ይህ ቲማቲም በአሜሪካ ጓሮ ውስጥ ከሚታወቁት የጥንት ዝርያዎች ከፊተኞቹ መካከል ነው።

‹የጥንት› ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ላስረዳ። ቲማቲም አበባው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ተክል ነው፤ አንዱ አበባ ውስጥ ወንዴውም ሴቴውም አለ። ስለዚህ ከጥንት ዝርያ ዘር ብትወስዱ በዓመቱ የምታገኙት ያንኑ ቲማቲም ነው፤ ከእናት ወደ ልጅ እንዲህ ሲወርድ ይኖራል። ድቅል ደግሞ ሌላ ነው። ሁለት የተለያዩ ወላጆች ሆን ተብሎ ተዳቅለው የሚገኝ የመጀመሪያው ልጅ ነው፤ ጎበዝ፣ በሽታ የሚችል፣ ፍሬው የሚበዛ። ከእሱ ዘር ወስዳችሁ ብትዘሩ ግን አንዱ አያቱን፣ አንዱ አጎቱን ይመስላል፣ አንዱ ደግሞ ማንንም አይመስልም። በየዓመቱ ዘር መግዛት ነው። ድቅልን የሚንቁ ጓሮ ገበሬዎች አሉ፤ እኔ አልንቅም። ሰንጎልድ የሚባለው ፍሬው ትንንሽና ብርቱካናማ የሆነ ቲማቲም የጃፓን ድቅል ነው፤ ከአሥራ አራቱ እንደ እሱ የሚጣፍጥ የለም። ገና ሐምሌ ሲገባ ይደርሳል፤ ቤት ግን ደርሶ አያውቅም፤ መደቡ ላይ ቆሜ እንደ ቆሎ ቆርጥሜ እጨርሰዋለሁ።

የሱቁ ቲማቲም ለምን ውኃ ውኃ እንደሚል የሚጠይቀኝ ብዙ ሰው ነው። ብዙው ጥሬውን ተለቅሞ፣ መንገድ እንዲችል ጠንክሮ እያለ ተጭኖ፣ መጋዘን ውስጥ ኢትሊን በተባለ ጋዝ ይቀላል፤ ሙዝ ቤት ውስጥ ሙዝ እንደሚበስለው መሆኑ ነው። ቀለሙ ይመጣል፣ ከእንጨቱ ላይ ሆኖ ከቅጠሉ የሚቀበለው ስኳር ግን ቀርቶበታል። ሌላም አለ። ያ የቸሮኪ ፐርፕል አረንጓዴ ትከሻ የብዙዎቹ የድሮ ቲማቲሞች ምልክት ነበር። አዳቃዮች ለሰባ ዓመት ያህል ትከሻው ያልጠቆረ፣ ጥሬ ሳለ ወጥ ፈዛዛ አረንጓዴ የሆነ ፍሬ መረጡ፤ እኩል ስለሚቀላና ለለቃሚው ስለሚያመች። በ2012 ሳይንቲስቶች ምሥጢሩን አገኙት፦ ያ ጥቁር አረንጓዴ ትከሻ ለፍሬው የራሱን ስኳር የሚሠራለት ነበር፤ አዳቃዮቹ ወጥ ቀለም ሲመርጡ ያን የሚያዘውን ዘረመል ሳያውቁ አሰናክለውታል። መልክ ተመርጦ ጣዕም ተጣለ። በ2016 ደግሞ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቲማቲም ፍሪጅ ውስጥ ሲሰነብት መዓዛውን ከሚሠሩት ዘረመሎች አንዳንዶቹ ሥራቸው እንደሚዳከም፣ ወጥቶ ቢሞቅም መዓዛው ሙሉ በሙሉ እንደማይመለስለት አሳዩ። እናቴ ይህን ሳታነብ ታውቃለች። ፍሪጅ ውስጥ የከተትኩትን ቲማቲም አውጥታ መስኮቱ ሥር ደረደረችው፤ «በረዶ የገባ ቲማቲም ሬሳ ነው» ብላ።

ወደ ሥራው ልግባ። የእኔ የዘር ወቅት የሚሄደው በበዓላት ነው። ዘሩን ቤት ውስጥ የምዘራው ለመጋቢት አቦ ነው፤ ሥሩ በተበሳ የእርጎ ኩባያ፣ መብራት ሥር። በሳምንት ውስጥ ብቅ ይላል። ወደ መደቡ የማወጣው ለግንቦት ልደታ ነው፤ ልክ ስምንት ሳምንት። የዚህ አገር ሰዎች ከእናቶች ቀን በፊት አትትከል ይላሉ፤ የእናቶች ቀን በግንቦት ልደታ ዙሪያ ነው የሚውለው። ሁለታችንም የምንፈራው አንድ ነው፣ ውርጭ። ስተክል ግንዱን እስከ አንገቱ አፈር ውስጥ እቀብረዋለሁ። የብዙ ሌላ አትክልት ችግኝ እንዲህ ቢደረግ ይበሰብሳል፤ ቲማቲም ግን ከተቀበረው ግንዱ ሥር ያወጣል።

ያጠፋሁትንም ልናገር። መደብ ሳልከራይ በፊት የተከልኩት በኪራይ ቤቴ ጓሮ ነበር። ችግኞቹ ጉልበቴ ላይ እስኪደርሱ አማረባቸው፤ ከዚያ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተራ በተራ ጠወለጉ። አፈሩ እርጥብ ነው፣ ቅጠሉ ላይ ትል የለም። ውኃ ጨመርኩ፣ ባሰ። ጠንቁ ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ ነበር፦ ብላክ ዎልነት የሚሉት ትልቅ ዛፍ። ሥሩ ጀግሎን የሚባል ነገር ወደ አፈሩ ይለቃል፤ ለብዙ ተክል ምንም አይደለም፣ ለቲማቲም ግን መርዝ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ይህ ዛፍ ሞልቷል። ጓሮ ያላችሁ መጀመሪያ ቀና ብላችሁ እዩ።

ሌላው ቂጡ የሚጠቁር ቲማቲም ነው። ፍሬው ከታች በኩል እንደተቃጠለ ቆዳ ጠቁሮ ይጎደጉዳል፤ ሳን ማርዛኖና ሮማን ይወድዳል። ጎረቤቶቼ ካልሲየም አነሰው ብለው የዕንቁላል ቅርፊት ይቀብራሉ። እርግጥ ፍሬው ካልሲየም አጥቷል፤ አፈሩ ግን ብዙ ጊዜ አላጣም። ካልሲየሙ የሚጓዘው በውኃ ነው። አንድ ቀን አጥለቅልቀን አምስት ቀን ስናስጠማው መንገዱ ይቋረጣል። የዕንቁላሉን ቅርፊት ተዉትና ሥሩን በጭድ ጎዝጉዙ፤ ውኃውን በሳምንት ሁለትና ሦስቴ፣ ጠለቅ አድርጋችሁ፣ ከሥር አጠጡ እንጂ ከላይ አታፍስሱ። ቅጠሉ ከረጠበ ምች ይመታዋል።

ዓመቱ ለምን አማረ? እኔ ጎበዝ ስለሆንኩ ቢሆን ደስ ባለኝ። አብዛኛው የሌሊቱ ሥራ ነው። ሌሊቱ ከ24 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ የአበባው ብናኝ ይደክማል፤ አበባው ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል። ቀኑ ደግሞ ከ30 በላይ ሲሰነብት ቀይ የሚያደርገው ቀለም መሠራቱ ይቆማል፤ ፍሬው ብርቱካናማ ሆኖ ይቀራል። አምና ሐምሌ ሙሉ እንዲያ ነበር። ዘንድሮ ሰኔና ሐምሌ ሌሊቱ ቀዝቀዝ አለ፣ ዝናቡም ልክ እንደተለመነ መጣ። ብናኝ ስል ትዝ ያለኝ፦ የቲማቲም አበባ ብናኙን የሚለቀው ሲንቀጠቀጥ ነው። ነፋስ ያንቀጠቅጠዋል፤ ያቺ ጸጉራም ትልቋ ንብ ደግሞ አበባውን አቅፋ ስትጮህበት ይረግፋል። በረንዳ ላይ በባልዲ ለተከልኳት አንዲት ተክል ንብ ስላልመጣላት በኤሌክትሪክ የጥርስ ብሩሽ የአበባውን አንገት ከኋላ ነካ ነካ አደርጋለሁ። እናቴ አንድ ቀን ጠዋት ደረሰችብኝ። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። «አንቺ፣ አበባ ጥርስ አለው?» አለችኝ፤ ማታ ለእህቴ ደውላ «ደህና ናት፣ ብቻ አርፋ አትቀመጥም» ስትል ሰማኋት።

በሐምሌ አጋማሽ አንድ ጠዋት ሞርጌጅ ሊፍተሩ ላይ እንደ ጣቴ የወፈረ አረንጓዴ ትል አገኘሁ፤ ቅርንጫፉን ቅጠል አልባ አድርጎታል። ቀንድ አለው፣ ጭራው ላይ። ጀርባው ላይ ደግሞ ሩዝ የመሰለ ነጭ ነጭ ነገር ተደርድሯል። ልጨፈልቀው እጄን ስሰነዝር ሽማግሌው ከኋላዬ «ተዪው» አሉኝ። ያ ሩዝ የአንዲት ደቃቅ ተርብ ጎጆ ነው። ተርቧ ዕንቁላሏን ትሉ ሰውነት ውስጥ ትጥላለች፤ ልጆቿ ከውስጥ በልተውት ሲወጡ በጀርባው ላይ ያን ጎጆ ይሠራሉ። ትሉ ቆሞ ይታያል እንጂ መብላት አቁሟል። ብጨፈልቀው የምገድለው ትሉን ሳይሆን በዓመቱ የሚጠብቁኝን ተርቦች ነበር። ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ባዶ ቆዳ ሆኖ ተንጠልጥሎ ነበር።

አሥራ አራት ዓይነት መትከል ቅብጠት ይመስላል። እኔ ቅብጠት አልለውም። አምና ሙቀቱ ብራንዲዋይን የተባለውን ዝርያ ባዶ አስቀረው፤ አንድ ፍሬ አልበላሁም። ሰንጎልድ ግን ምንም አልመሰለውም። ካቻምና ዝናብ በዝቶ ትልልቆቹ ሁሉ ተሰነጣጠቁ፣ ሮማ ዳነ። አንድ ዓይነት ብቻ የተከለ ያ ዓይነት በታመመበት ዓመት ባዶ እጁን ይገባል። ሰዓታቸውም ይለያያል፤ ሮማ ቁመቱ ተወስኖ ፍሬውን በአንድ ጊዜ ስለሚያወርድ አንድ ቅዳሜ ድስት ጥዶ ስልሱን ሠርቶ ማሸግ ነው፤ ቸሮኪና ሞርጌጅ ሊፍተር ደግሞ ውርጭ እስኪገድላቸው ወደ ላይ ያድጋሉ፣ ጥቂት ጥቂት ይሰጣሉ፣ ጠንካራ እንጨት ካላስደገፏቸው ይወድቃሉ።

ከፍልሰታ ጋር መግጠሙ ደግሞ ትልቅ በረከት ነው። ነሐሴ 1 ጾሙ ሲገባ ቲማቲሙ በጠራራው ይበስላል። እናቴ ሰዓቱ ደርሶ ከቅዳሴ ስትመለስ ሁለት ቸሮኪና አንድ ግሪን ዚብራ ትመርጣለች። ግሪን ዚብራ በስሎም አረንጓዴ ነው፣ ቢጫ መስመር ያለው፣ ኮምጠጥ የሚል፤ የሎሚውን ሥራ ይሠራል። በእጇ ይዛ ሳህኑ ላይ ነው የምትከትፈው፤ መክተፊያ አትወድም፣ ውኃው ይባክናል ትላለች። ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ጨው፣ ጥቂት ዘይት። ከዚያ የትናንቱን እንጀራ በጣቷ እየቆረሰች ትጨምራለች፤ በርበሬ አታስገባበትም፤ «ይሄን ቲማቲም በርበሬ ይደብቀዋል» ትላለች። ይህን የምትለኝ ቲማቲም ቲማቲም ነው ስትለኝ የነበረችው እናቴ ናት።

አገር ቤት ያላችሁ አንባቢዎች የእኔን ወር አትከተሉ። እዚህ የምንሸሸው ውርጩን ነው፤ እዚያ ጠላቱ ክረምቱ ነው። ቲማቲም ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ሲመታው በምች ያልቃል፤ እነ መቂና ዝዋይ በጋውን በመስኖ የሚያመርቱት፣ ዋጋውም ክረምት ላይ ሰማይ የሚወጣው ለዚሁ ነው። በረንዳ ላይ በባልዲ የምትሞክሩ መስከረም ላይ ዘርታችሁ ዝናቡ ሲያበቃ አውጡት። ፀሐይ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ይፈልጋል። ባልዲው ሃያ ሊትር ይሁን፣ ሥሩን ብሱት።

አሁን ሳህን ላይ ዘር እያደረቅኩ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የተመረጠውን ፍሬ ቆርጦ ዘሩን ከነዝልግልጉ ብርጭቆ ውስጥ መጭመቅ፣ ጥቂት ውኃ ጨምሮ ሦስት ቀን መተው። ከላይ አረፋ ይይዛል፣ ይሸታል። እናቴ አሽትታ «ጥንስስ ነው የጣልሽው?» አለች። ያ ዝልግልግ ዘሩ ፍሬው ውስጥ ሳለ እንዳይበቅል የሚከለክለው ነው፤ ሲፈላ ይለቅቃል። ደህናው ዘር ይሰምጣል፣ ባዶው ይንሳፈፋል። አጥቦ ሳህን ላይ ማድረቅ፤ ወረቀት ላይ ይጣበቃል። ስሙንና ዓመቱን ጽፎ በፖስታ ማሸግ። ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ አራት ዓመትና ከዚያም በላይ ይበቅላል።

እናቴ ለመስከረም ስትመለስ ይዛ ልትሄድ አሥር ፖስታ ጠየቀችኝ። ዘር ያለ ፈቃድ በሻንጣ ድንበር ማሻገር ስለማይፈቀድ እምቢ አልኳት፤ ለሁለት ቀን አኮረፈችኝ። እዚሁ አካባቢ ያላችሁ ግን ቸሮኪ፣ ሞርጌጅ ሊፍተር፣ ግሪን ዚብራና ሮማ የፈለጋችሁትን ያህል አለኝ፤ ከመጋቢት አቦ በፊት ድረሱ። ሰንጎልድን አትጠይቁኝ። ድቅል ነው፤ እኔም በየዓመቱ እገዛዋለሁ።